ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ተቀምጠን ሳለ የኤርትራ ነገር ተነሣና፣ ከጎኔ የነበሩ ሸምገል ያሉ ሰው «ድሮም ልባቸው ከእኛ ጋር አልነበረም፤ በግድ ይዘናቸው ቆየን፣ ሲመቻቸው ሄዱ» አሉ። በክፋት የተናገሩት አልነበረም። ሰውየው ታናሽ ወንድማቸውን ናቅፋ ግንባር ላይ ያጡ፣ አስከሬኑን እንኳ ያላገኙ ናቸው። የለቅሶ ቤት የክርክር ቦታ ስላልሆነ፣ ሐዘናቸውንም ስለማከብር፣ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ያልሰጠሁትን መልስ ለመስጠት ነው። ያ ልብ ነበረ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሰው ዘንድ ሞልቶ የነበረው ልብ ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ፣ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ።

አባቴ የአማርኛ መምህር ነበር። ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰራት ፌዴሬሽን ፈርሶ ኤርትራ ዐሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ከተደረገች በኋላ፣ አማርኛ በትምህርት ቤቶቿ እንዲስፋፋ ከመሐል አገር ከተላኩት መምህራን አንዱ እሱ ሆነ። በ1956 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን አስመራ ስንገባ አምስት ዓመቴ ነበር። ገጀረት ሰፈር ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። ባለቤቱን እንደ ልጆቻቸው «አቦይ» ብዬ፣ ሚስታቸውንም «አደይ» ብዬ ነው ያደግሁት፤ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፣ እዚህም አልጠራቸውም።

አቦይ ከአስመራ ምጽዋ በሚወርደው ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ረዥም፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥዕል ሥር የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ነበረ። ከሥሩ ባለው መሳቢያ ደግሞ የማኅበር ፍቅሪ ሃገር የአባልነት መዋጮ ደረሰኞችን በክር አስረው አስቀምጠው ነበር። ይህ ማኅበር ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ እንድትሆን የታገለው፣ የአንድነት ፓርቲ የወጣበት ማኅበር ነው። አማርኛን የተማሩት ከማንም መምህር ሳይሆን ከጋዜጣ ነው። እሑድ እሑድ አደይ ቡና ሲያፈሉ፣ ሕምባሻው ተቆርሶ ሳይታደል፣ አቦይ ጋዜጣውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ የከበዳቸው ቃል ሲመጣ ጣታቸውን ከቃሉ ላይ ሳያነሡ ወደ አባቴ ቀና ይላሉ። አባቴ ያስረዳል። እሳቸውም ቃሉን ሦስት ጊዜ ደግመው ይቀጥላሉ። ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ ሰው ነበሩ፤ ያን ቋንቋ እንዲማሩ ማንም አላስገደዳቸውም።

ለምን እንደሆነ ከፍ ስል ጠይቄያቸው ነግረውኛል። በጣሊያን ዘመን ያገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ መማር አይፈቀድለትም ነበር። የፋሺስቱ የዘር ሕግ ከወጣ በኋላ ደግሞ አስመራ መሐል፣ የገዛ አባቶቻቸው መሬት ላይ፣ ለነጭ ብቻ የተከለለ ሰፈርና መንገድ ነበረ። እሳቸው ባቡሩን ይጠግናሉ፤ ከመንገደኞቹ ጋር ግን አይቀመጡም። ከመረብ ማዶ ጥቁር ንጉሥ ያለው፣ ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ያሸነፈ፣ በእሳቸው ሃይማኖት የሚያመልክ አገር አለ ሲባል፣ ያ አገር ለእሳቸው ሰው የሚሆኑበት ቦታ ነበር። የተወለዱበትን መንደር የሚወዱ ሰው፣ አይተውት የማያውቁትን አገር የወደዱት ክብራቸውን ይመልስልኛል ብለው ነው።

የመሐል አገር ሰው ይህን ታሪክ ሲተርክ ሁሉንም ኤርትራዊ በአንድነት ደጋፊነት ይደምራል፤ ያ ስሕተት ነው። በቆላው የሚኖረው ሙስሊም ሕዝብ አብዛኛው፣ ኢብራሂም ሡልጣን የመሩት የሙስሊም ሊግ ተከታይ የሆነው፣ ውሕደቱን አልፈለገውም፤ ወልደአብ ወልደማርያምን የመሰሉ ደገኛ ክርስቲያኖችም ነጻነትን መርጠው ነበር። የአንድነቱ ወገንም እጁ ንጹሕ አልነበረም። በወልደአብ ላይ በተደጋጋሚ የግድያ ሙከራ ተደርጓል፤ የሙስሊም ሊግ የአስመራ መሪ አብዱልቃድር ከቢሬ እ.ኤ.አ. በ1949 አስመራ ውስጥ ተገድለዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ነጻነትን የሚደግፈውን ከቁርባን እስከ መከልከል ደርሳለች። አቦይ ይህን ይክዱ አልነበረም፤ ስለ ከቢሬ ሲነሣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ያደርጉ ነበር። ይሁን እንጂ በ1944 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የአንድነት ፓርቲ ከ68 የምክር ቤት መቀመጫዎች 32ቱን አግኝቷል። በዓለም ላይ ስንት ሕዝብ ነው፣ ወደ ሌላ አገር ለመግባት ብሎ ድምፅ የሚሰጠው? ይህን ያህል ሰው ያለ ልብ አይመጣም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የወሰነው ውሳኔ ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ የተሞከረ መካከለኛ መንገድ ነበር። ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ትሆናለች፤ የራሷ ሕገ መንግሥት፣ የራሷ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ይኖራታል፤ በዚያ መሠረት በወጣው ሕገ መንግሥቷም የራሷ ሰንደቅ ዓላማ ኖራት፣ የሥራ ቋንቋዎቿም ትግርኛና ዐረብኛ ሆኑ። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ሥራ ሲጀምር ንጉሠ ነገሥቱ መረብን ተሻግረው ገቡ። አቦይ ያን ጊዜ ከባቡር ሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከተቀበሏቸው መካከል ነበሩ። «እኛ በሰማንያ ነው የገባነው» ይሉ ነበር፤ ይህን አባባል የተማሩት ከእናቴ ነው። በሰማንያ የገባች ሚስት ድርሻዋ የታወቀ፣ ምስክር የቆመላት ናት። ወደው ስለገቡ ብቻ ውላቸው ይቀደድ ማለት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ወደው በመግባታቸው ውሉ ሊከበርላቸው እንደሚገባ፣ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ውሉ ግን ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ተቀደደ። በ1947 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አንዳርጋቸው መሳይ ለኤርትራ ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር፣ ለእንደራሴው ቢሮ የውስጥና የውጭ የሚባል ጉዳይ እንደሌለ፣ ወደፊትም እንደማይኖር አስታወቁ። በዚያው ዓመት ከአንድነት ፓርቲ የመጡት የኤርትራ ዋና አስፈጻሚ ተድላ ባይሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በመጋቢት 1950 ሠራተኞች አዲሱን የሥራ ሕግ ተቃውመው አድማ ሲመቱ ተኩስ ተከፈተባቸው፤ ሰው ሞተ። በታኅሣሥ 1951 ምክር ቤቱ የኤርትራን ሰንደቅ ዓላማ እንዲተው ተደረገ። በግንቦት 1952 «የኤርትራ መንግሥት» መባሉ ቀርቶ «የኤርትራ አስተዳደር» ሆነ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። በዝርዝር ስናየው አንዱም ነገር ብቻውን ጦርነት የሚያስነሣ አይመስልም፤ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ቃል ነው። አዲስ አበባ የነበሩት ሰዎች ያሰቡትም እንደዚያ ይመስለኛል፦ ወደውናል፣ ስለዚህ ይህን አይከፉበትም። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነበር እላለሁ። ባለሥልጣናቱ የሕዝቡን ፍቅር እንደ ርስት ቆጠሩት፤ አንዴ ከያዙት በኋላ ቢያርሱትም ባያርሱትም የእነሱ ሆኖ የሚኖር መሰላቸው።

አቦይ በአድማው ዕለት ከባቡር ጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው ነበር። ሲነግሩኝ የሚያዝኑት በተኩሱ ብቻ አልነበረም። ተኩሱ ሲከፈት የመጣላቸው ሐሳብ «ጃንሆይ አላወቁም» የሚል እንደነበረ፣ ይህንንም ለዓመታት ሲሉ እንደኖሩ ይናገሩ ነበር። ታማኝ ሰው በደል ሲደርስበት መጀመሪያ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ለበዳዩ ምክንያት ይፈልግለታል።

እንዲህም ሆኖ ልቡ ወዲያው አልተቆረጠም። ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ሐሚድ እድሪስ ዓዋተ አዳል ተራራ ላይ የኤርትራን የትጥቅ ትግል የመጀመሪያ ጥይት ተኮሰ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥር 1954፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ የቡድኑ አምበል የአስመራው ልጅ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም ጎል አግብቷል። አቦይ እንደነገሩኝ ገጀረት ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ ነበር፤ አደይም እልል ብለዋል። በዚያች አገር በአንድ ክረምትና በጋ ውስጥ ጥይቱም እልልታውም ነበሩ፤ ወዴት እንደምታዘነብል ገና አልተወሰነም ነበር። ራስ አሥራተ ካሣ አገረ ገዥ ሳሉ እስራኤላውያን ያሠለጠኗቸው፣ ሕዝቡ «ኮማንዲስ» የሚላቸው ተዋጊዎች አብዛኞቹ የደጋ ክርስቲያን ኤርትራውያን ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ስም ጀብሃን፣ ማለትም የኤርትራ ነጻ አውጪ ግንባርን፣ ይወጉ የነበሩት እነሱ ናቸው። የአቦይ የወንድም ልጅ አንዱ ነበር። «ድሮም ልባቸው አልነበረም» የሚል ሰው፣ እነዚያ ልጆች ለማን እንደሞቱ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

በተቃራኒው ደግሞ ተድላ ባይሩ አሉ። የአንድነት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበሩት፣ በመጀመሪያው ቀን የኤርትራን መንግሥት የተረከቡት እኚያ ሰው፣ በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1967 ከድተው ከጀብሃ ጋር ተቀላቀሉ። ዜናው ገጀረት ሲደርስ አቦይ ሁለት ቀን ቡና አልጠጡም። አባቴ «ሥልጣን ስላጡ ነው» ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። አቦይ መልስ አልሰጡም፤ የመሳቢያቸውን ደረሰኞች አውጥተው አንድ በአንድ አገላብጠው መልሰው አሰሯቸው።

በእኛ ቤት በኩልም የምናገረው አለኝ፤ አባቴም በሕይወት ቢኖር እንድደብቀው አይፈልግም። አባቴ አማርኛን ይወድ ነበር፤ ተማሪዎቹም ይወዱት ነበር። ሆኖም ሰባት ዓመት የሆነው ሕፃን እናቱ በማትናገረው ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር፣ ትግርኛው ከመማሪያ መጽሐፉ ሲወጣ፣ አማርኛ ከእሑድ ጋዜጣ ወደ ትእዛዝ ተለወጠ። አቦይ በገዛ ፈቃዳቸው፣ በጣታቸው እየተከተሉ የተማሩት ቋንቋ ለልጆቻቸው ግዴታ ሆነ። አባቴ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። አንድ ማታ ለእናቴ «ወንጌል ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ቀረጥ ስሰበስብ ኖሬያለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በኅዳር 1963 ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በደፈጣ ተገደሉ፤ በቀናት ውስጥ ከከረን አጠገብ ያለችው ኦና መንደር ከነሰዎቿ ተቃጠለች፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ባቡሩ ከረን ድረስ ስለሚሄድ የአቦይ የሥራ ባልደረቦች ያዩትን ይዘው መጡ፤ ማታ ግቢው ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ ሲነጋገሩ አባቴ ሲወጣ ዝም አሉ። ሰባት ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ሲመጣ ወሬ ሲቋረጥ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ማንም አልሰደበንም፣ ማንም ፊቱን አላጠቆረብንም። ዝም ብቻ አሉ።

በ1966 ዓ.ም. ማብቂያ የመጨረሻው ተስፋ መጣ። ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለዱት ጄኔራል አማን አንዶም አስመራ ድረስ መጥተው ሕዝቡን በቋንቋው አነጋገሩት። አቦይ ስታዲየም ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ለዓመታት ያላየሁት ብርሃን ነበረ። «ሰውየው ይሰማል» አሉ፤ በአማርኛ ነው ያሉት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አማን በደርግ ተገደሉ። ተጨማሪ ጦር ወደ ኤርትራ መላኩን ከተቃወሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዚያው ሌሊት ከተረሸኑት ስድሳ ገደማ ሰዎች መካከል ራስ አሥራተ ካሣም ነበሩ። ኤርትራን ቀርበው ያወቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሲያልቁ፣ አስመራ የተረዳችው ግልጽ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚያነጋግራት የለም።

በዚያ ሰሞን አባቴ ለተማሪዎቹ ፈተና ሰጠ። ያን ጊዜ መምህራን «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክር ርእስ አድርገው ድርሰት እንዲያጽፉ ይጠበቅባቸው ነበርና እሱም አጻፈ። የአቦይ የመጨረሻ ወንድ ልጅ የእሱ ተማሪ ነበር፤ በአማርኛ ከክፍሉ አንደኛ፣ ቅኔ ሲነገረው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ የሚያወጣ ልጅ። ያን ዕለት ወረቀቱን ሲመልስ የግራውን ኅዳግ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ በቀይ ቀለም አስምሯል፤ በራስጌው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ክፍሉንና ተራ ቁጥሩን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ጽፏል። ከዚያ በታች አንዲት ፊደል አልነበረችም። ያን ርእስ ሰጥቶ ባዶ ወረቀት የተቀበለ መምህር ሪፖርት ማድረግ ነበረበት። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ቤት ሲገባ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አኖረው። ስለዚህ ነገር ከልጁም ጋር፣ ከአቦይም ጋር አልተነጋገረም።

ከወር በኋላ የአፋኝ ጓድ መጣ። ሌሊት ወጣቶች ከየቤታቸው ይወሰዳሉ፤ ጠዋት በሽቦ ታንቀው መንገድ ዳር ይገኛሉ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያለ አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ አባቴ እንደወትሮው ወደ ሥራ ሲወጣ አቦይን ግቢው መሐል አገኛቸውና ኮፍያውን አንሥቶ «እንደምን አደሩ» አለ። አቦይ ቆሙ። ከዚያም በጣም በትሕትና፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ከመይ ሓዲርኩም» አሉት። ሰላምታው ያው ነው፤ እንዲያውም የአክብሮት ነው። ነገር ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ሰላም ሲሉት ኖረው ያን ጠዋት በትግርኛ መለሱለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከተለያየንበት ድረስ ከአፋቸው አንድ የአማርኛ ቃል አልወጣም። አባቴ በሚችላት ትግርኛ መለሰላቸው፤ ሲመልስም ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ አገር ከአንድ ሰው ልብ ስትወጣ ምን ድምፅ እንዳላት የሰማሁ ይመስለኛል።

ጥር 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለቱ ግንባሮች፣ ጀብሃና ሻዕቢያ፣ አስመራን አጠቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ወታደሩ ከተማው ውስጥና በአካባቢው መንደሮች ያገኘውን ሰላማዊ ሰው ገደለ። የአቦይ ልጅ በዚያ ሳምንት ከታጋዮቹ ሊቀላቀል ሜዳ ወጣ። አደይ የጠዋት ቡና ሲያፈሉ የእሱን ስኒ ከሌሎቹ ጋር ደርድረው ከቆዩ በኋላ መልሰው አነሡት። በየካቲት ወር እኛም በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባን፤ ሻንጣችንን ታክሲ ድረስ ተሸክመው ያደረሱን አቦይ ናቸው።

የውጭ እጅ ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የካይሮ ሬዲዮ ነበረ፤ የዐረብ አገሮች ገንዘብና መሣሪያ ነበረ፤ ጣሊያን ድንበሩን አስምሮ ሄዷል። ሁሉም እውነት ነው። ዳሩ ግን ሬዲዮው ለአቦይም ይሰማ ነበር፤ ለዓመታት ሰምተው እያጠፉት ጋዜጣቸውን ያነቡ ነበር። የካይሮ ሬዲዮ ያላስጣላቸውን የገዛ መንግሥታቸው አስጣላቸው። የጀብሃ ሰባኪ ደጃቸውን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ያንኳኳው ፈታሽ ወታደር ነው። መንግሥት ወዳጁንና ጠላቱን ለይቶ መምታት ያቃተው ቀን፣ ወዳጁ ወዳጅ ሆኖ መቅረቱ ምን እንዳተረፈለት ይጠይቃል። በዚያ ላይ ለወታደሩም አዝናለሁ። ከገጠር ታፍሶ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ ሁሉም ሰው ጠላትህ ነው ተብሎ የተላከ የገበሬ ልጅ ነበር፤ በለቅሶው ድንኳን የተቀመጡት ሰው ወንድምም ከእነሱ አንዱ ነው። ሰውየው ወንድማቸውን የቀበረውን ምክንያት «ድሮም አይወዱንም ነበር» በሚል ሲዘጉት፣ ያን ልጅ ለማያስፈልግ ሞት የላከውን ሁሉ ነጻ ማውጣታቸው መሆኑን ያስተዋሉ አይመስለኝም።

በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ አዲስ አበባ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተዋል። 99.8 በመቶው ነጻነትን መረጠ። አባቴ ቁጥሩን ከሬዲዮ ሲሰማ «ከሠላሳ ሁለቱ መቀመጫ አንድም አልተረፈ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። በዓመቱ ዐረፈ፤ መዝገበ ቃላቱ ለእኔ ደረሰኝ፤ ወረቀቱም እንደተቀመጠ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ያንኑ ቃል ስለ ትግራይ እሰማለሁ። ከጥቅምት 2013 እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት በእሳት ውስጥ ያለፉ ወጣቶችን አዲስ አበባ ውስጥ አግኝቻለሁ። «ኢትዮጵያዊ ነህ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱ አሉ፤ ግን ከመመለሳቸው በፊት ትንሽ ዝም ይላሉ። ያችን ዝምታ ገጀረት ግቢ ውስጥ አውቃታለሁ። በሰዎቹ ላይ ከመፍረድ በፊት ዝምታዋ ከየት እንደመጣች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጊዜውም አሁን ነው እንጂ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ አይደለም።

በሐምሌ 2010 አየር መንገዱ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና አስመራ ማረፍ ሲጀምር፣ በዚያው ሰሞን ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ገጀረት ያለው ግቢ አለ። አቦይና አደይ ከሞቱ ቆይተዋል፤ በሩን የከፈተችልኝ ታላቋ ልጃቸው ናት። አወቀችኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ሳሎኑ ውስጥ ከማርያም ሥዕል ሥር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ በነበረበት ቦታ፣ የታናሽ ወንድሟ የሰማዕትነት ምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል። ሜዳ ወጥቶ በሦስተኛው ዓመት ነው የሞተው፤ እነሱ በይፋ የተነገራቸው ከነጻነት በኋላ ነው። ነጻነቱ ራሱ ምን እንዳመጣላቸው ስጠይቃት በመስኮቱ በኩል ወደ መንገዱ ተመለከተች። ልጇ መጨረሻው ከማይታወቅ ብሔራዊ አገልግሎት ሸሽቶ፣ መረብን በእግሩ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይኖራል። «አማርኛ ለመደ አሉኝ» አለች በትግርኛ።

ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ የወንድሟን ስም አነበበች፤ ፊደሉ አንድ ነውና ለማንበብ አማርኛ ማወቅ አያስፈልጋትም። በቀይ የተሰመረውን ኅዳግ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው፤ አባቷ የጋዜጣ ቃል ሲከብዳቸው እንደሚያደርጉት። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነበር። «መምህሩ ስንት ሰጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ፊት ለፊቱን እንደገና አሳየኋት። በሕጉ መሠረት ዜሮ መጻፍ ነበረበት፤ አባቴ ግን እሱም ምንም አልጻፈበትም።